የሆልት ቤት ዓሣ

ትከሻዬን ነካ፣ ነካና አለፈ፣ ፊቴን እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንገበግበኛል፣ አሁንም መድረኩ ላይ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ክራቫቴ አንቆኝ፣ ከሆልት ቤት ልጆች መሀል ተገትሬ ያንገበግበኛል፣ እሱ ፊት ለፊታችን ቆሞ እጅጌውን ያስተካክላል። ባርናቢ ላይል። የመዝሙር መሪያችን። ጓደኛዬ ነው ደግሞ፣ ጓደኛ ይባላል ይሄ?

በአዳሪ ትምህርት ቤታችን የማደሪያ ቤቶች የመዝሙር ውድድር ሲደርስ ቤቱ በሙሉ ይዘምራል፣ ማንም አይቀርም፣ ያመመው እንኳ ከአልጋው ተነስቶ ይሰለፋል፣ ሕግ ነው፣ ሕግ ካለ ደግሞ መላ አይጠፋም፣ በልምምድ ጊዜ መሪው በየረድፉ ይዞርና ጆሮውን አፍህ ላይ ይደቅናል፣ ትከሻህን ከነካህ አለቀልህ፣ ዓሣ ነህ፣ አፍህን ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ፣ ድምፅ የለም። ዓሣ ማን እንደሆነ አይወራም። አስተማሪዎቹም እያወቁ እንዳላወቁ ያልፉታል፣ ሚስተር ፔንሮዝ፣ የቤታችን ኃላፊ፣ ትናንት እራት ላይ ብርጭቆውን አንስቶ፣ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ፣ ጎበዞች፣ ብሎ እርፍ! በአንድ ድምፅ! የኔንስ የት ልጣለው፣ ጌታዬ?

ከአሥራ ሦስት ዓመታችን ጀምሮ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። እናቱ ናፍቃው ብርድ ልብስ ውስጥ ሲነፋረቅ ብስኩቴን ያካፈልኩት እኔ፣ ላቲን አልገባ ሲለው ጥናት ክፍል ቁጭ አድርጌ ግሡን ያስረባሁት እኔ፣ በአገር አቋራጩ ሩጫ ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ቆሜ የጠበቅኩት እኔ፣ አብረን መጨረሻ ወጣን፣ ተሳቀብን፣ ግድ አልነበረኝም። ምን አለ ጠርቶ ቢነግረኝ፣ ዊልፍ፣ ድምፅህ እኮ አስቀያሚ ነው፣ ቢለኝ፣ በሳቅ እፈርስ ነበር፣ እንዲያውም እኔ ራሴ፣ ልክ ነህ፣ እለው ነበር። በጣቱ ጫፍ ነካኝ። እንደ መብራት ማጥፊያ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ያዝኩት፣ እኔን ነው? አልኩት፣ ገንፎውን እያማሰለ፣ ዊልፍ አታካብድ ባክህ፣ ለቤቱ ነው፣ አለኝ። ለቤቱ። ዋንጫው ከሆልት ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ዘንድሮ ካልወሰድን እኔ በምን ልታወስ ነው፣ አንተ ደግሞ የክሪኬት ቡድኑ አለልህ አይደል፣ አለኝ፣ አዎ አለልኝ፣ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ! ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌላውን ሩጫ መቁጠር! አፈር ብላ፣ ማለት ነበረብኝ፣ ስኳሩን አቀብለኝ፣ አልኩት።

እናቴ ከተመልካቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ከሀል ከተማ በባቡር መጥታ፣ አረንጓዴ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ከጎኗ የባርናቢ አባት እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፣ አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ ልንገራት፣ የምትነጂውን አውቶቡስ ለሌላ ሹፌር ሰጥተሽ የመጣሽው አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ ልታዪ ነው፣ ልበላት? ይሄ የመጨረሻ ዓመታችን ነው፣ እዚህ ቤት አምስት ዓመት በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ ለራግቢ ቡድናችን በዝናብ ጮኼያለሁ፣ ያን ጊዜ ድምፄ አይቆረቁርም ነበር አይደል?

ፒያኖው። ባርናቢ እጁን ያነሳል።

የመጀመሪያውን ስንኝ ዓሣ ነኝ፣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እናቴ ፈገግ ብላ አንገቷን ታወዛውዛለች፣ የምትሰማው የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ ደሜ ይፈላል፣ በቃ፣ ድምፄ ወጣ፣ ሳላስበው ወጣ፣ ደረቴ ይንቀጠቀጣል፣ ወይኔ ደስ ሲል፣ ምን አባቱ፣ ይሸነፍ፣ ይዋረድ፣ ባርናቢ ጆሮው ቀጥ አለ፣ ዓይኑ ረድፋችንን ይበረብራል፣ ና፣ አግኘኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ዓይኑ ቆመ።

ፕሪቻርድ ላይ!

በግራዬ ያለው ፕሪቻርድ፣ ዘንድሮ የገባው፣ ሻወር ቤት ሲዘምር ኮሪደሩን ሁሉ ዝም የሚያሰኘው ፕሪቻርድ፣ ባርናቢ ቅንድቡን ሰቅሎ ጣቱን ወደ ከንፈሩ ያስጠጋበታል፣ ልጁ አመድ መሰለ፣ አፉ እንደተከፈተ ድምፁ ጠፋ። አይ፣ አይ፣ እሱ አይደለም፣ ደንቆሮ፣ እኔ ነኝ እኮ! ለኔ የመጣው ለሱ ደረሰው፣ እኔ ነኝ ያደረስኩበት፣ ልጁ ሊያለቅስ ነው፣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት። አሁን ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዋንጫውም ይመጣል፣ ፕሪቻርድም ዕድሜውን ሙሉ ድምፁን ሲፈራ ይኖራል፣ ባርናቢም በድል ፎቶ ይነሳል።

ከረድፉ ግማሽ እርምጃ ወጣሁ። ማንም አይወጣም፣ እኔ ወጣሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ለቀቅኩት፣ ከዜማው ወድቄ፣ ተነስቼ፣ እንደገና ወድቄ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ አንዷ ሴትዮ አፏን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈነች፣ ይሳቁ፣ ሚስተር ፔንሮዝ ጣራ ጣራ ያያል፣ እናቴን አላያትም፣ አሁን እሷን ማየት አልችልም፣ በክርኔ ፕሪቻርድን ጎሸም አደርገዋለሁ፣ ዘምር እንጂ አንተ፣ ባርናቢ የሚፈልገው እኔን ነው፣ ልጁ ሽቅብ አየኝ፣ ከጎኔ ያቺ የጠራች ድምፅ መጀመሪያ ቀጠን ብላ፣ ከዚያ ሞልታ ወጣች።

ባርናቢ አገኘኝ። አሁን በትክክል ፊቴን ያየኛል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀልቷል፣ እጁ አየር ላይ ቀርቷል፣ እኛ ግን ያለ እጁ ቀጥለናል፣ አንድ ነገር ሊለኝ ይፈልጋል፣ ዝም በል ይሁን እባክህ ይሁን እንጃ፣ ሰው ፊት ስለሆነ ከንፈሩን ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣

አልሰማህም ባርናቢ፣ ጮክ በል።