በሽቦ የተሰፉ ሳህኖች

የልጅቷ እናት በተቀበረች ማግስት አክስቷ ባዶ ካርቶን ታቅፈው መጡ።

«ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ እነዚህን አሮጌ ስባሪዎች ከግድግዳው አውርጂያቸው የኔ ልጅ። ሳህን እንደ ካልሲ ተሰፍቶ ይሰቀላል እንዴ? መሳቂያ ልታደርጊን ነው!»

እናቷ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የተሰበረ ሳህን መርጣ ትገዛና የስባሪዎቹን ዳር ዳር በስታ በመዳብ ሽቦ ትሰፋው ነበር። ስፌቱንም አትደብቀውም፤ ፊት ለፊት ታዞረዋለች።

ልጅቷ ወንበር ላይ ወጣች። አክስቷ ልታወርድ መስሏቸው ካርቶኑን ከፈቱ። እሷ ግን እናቷ ሰፍታ ሳትሰቅለው የሞተችውን ትልቅ ሰማያዊ ሳህን ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው።

«ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል፣ እትዬ። እማዬ ሰፍታ ያዳነችውን እኔ ካርቶን ውስጥ አልቀብርም። ይልቅ መዶሻውን ያቀብሉኝ፤ ገና የሚሰቀል አለ።»