የሼህ ሸምሰዲን ሰፌድ

እኔ ሰው ማመስገን አይቀናኝም። እኔንም ያመሰገነኝ የለም። ሼህ ሸምሰዲንን ግን ሳላነሳቸው ብሞት ግፍ ይሆንብኛል።

ያን ጊዜ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ዳር ኮርቻ እሰፋ ነበር። ጎሳዬ የሚባል ቡና ነጋዴ «ሱቁ የኔ ነው፣ ይልቀቅልኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ሰኞ ጠዋት መልሴን በጽሑፍ ካላቀረብኩ ሱቄ መሄዱ ነው። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና ቅዳሜ ራሴ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ለተከበረው ፍርድ ቤት» እንዳልኩ ጎሳዬ በሠርጉ ቀን በር ሥር ያስቀመጠኝ ትዝ ይለኛል፤ ደሜ ይፈላል፤ ወረቀቱን እቀድዳለሁ። ከሸቤ የመጣ ባለበቅሎ ኮርቻ ጠግንልኝ ብሎ ይጣራል፤ እሱን እሰድባለሁ። ቀኑ እንዲሁ መሸ።

እሑድ ሼህ ሸምሰዲን ዘንድ ሄድኩ። መስጊዱ አጥር ሥር ሣጥን ላይ ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ የጅማ ሽማግሌ ናቸው። በቅሎ እየታከካቸው ያልፋል፣ ሴቶች በኦሮምኛ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ቆርቆሮ ሠሪው ይቀጠቅጣል። የሳቸው ብዕር ግን ንቅንቅ አይልም።

«ታኢ፣ ቁጭ በል» በኦሮምኛም በአማርኛም አሉኝና ቡና የሞላ ሰፌድ ጭኔ ላይ አኖሩ። «ጥቁር ጥቁሩን እየለቀምክ ንገረኝ።»

«ገንዘቤም ጉልበቴም ሊሄድ ነው እንዴ ሼህ?»

«ምላስህ ሲሮጥ እጅህ ሥራ ይያዝ። አለዚያ አታስጽፈኝም።»

እየለቀምኩ ነገርኳቸው። ጎሳዬ በሰው ፊት «ቆዳ ፋቂ» ማለቱን፣ ከትምህርት ቤት ያባረረኝን መምህር፣ የጎሳዬ እህት እኔን እምቢ ብላ ሰርቦ ከተማ ሄዳ ሌላ ማግባቷን። ሼህ «እህ» ይላሉ፤ ብዕራቸው ወረቀት አይነካም።

«ኧረ ይጻፉ እንጂ!»

«ልቀም።»

«ምኑን ልቀም! ያ ቦታ እኮ ሲሰጠኝ ሣር ነበር። ጭቃውን በእግሬ ረግጬ፣ ግድግዳውን ከባለቤቴ ጋር መርጌ ነው ያቆምኩት። ጎሳዬ ያኔ የት ነበር? ውሃ ስታቀብለን የነበረችው ጎረቤታችን ሀጂራ ትመስክር!»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ወረደ። «እጅህን እየው» አሉኝ። ጣቶቼ ቡናው ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

«ያን ሁሉ ስድብ ስትነግረኝ መልቀምህን አልተውክም። አሁን ግን ቆምክ። ወላሂ፣ የሚጻፈው ይሄ ብቻ ነው።»

«የሠርጉስ?»

«ዳኛው ምን ያድርግልህ? ድጋሚ ደግሶ ያብላህ?»

አጠገባችን በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ከት ብላ ሳቀች። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ።

ሰኞ ዳኛው ግማሽ ገጽ የማትሞላዋን መልስ አንብቦ ሀጂራን አስጠራ። ከመሰከረች በኋላ ሱቁን ለኔ ፈረደልኝ።

በር ዘግተው፣ ልጅ አባርረው፣ ጎረቤት አስፈራርተው የሚጽፉ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ። ሼህ ግን አንድም ሰው ዝም በል አላሉም፤ እኔን እንኳ፣ ያን የመሰለ አፍ ይዤ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የምትፈለገዋን ነገር ጠብቀው ያዟት።

ይህን ስጽፍም ሰፌድ አጠገቤ አለ። ጎሳዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ትንሽ እለቅምና እመለሳለሁ። ስለ ሠርጉም ይኸው ብዙ አልጻፍኩም።