ስምንት ሚሊሜትር

ዌስሊ በቡጢ ሲለኝ አፌ ውስጥ የነበረውን ሻይ ገና አልዋጥኩም ነበር። ሻዩም ደሙም አንድ ላይ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ዌስሊ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ የውድድር ሞተርሳይክል ይነዳል፣ እኔ እጠግናለሁ። በሰሜን አየርላንድ፣ በአንትሪም ገጠር እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሞልቷል። ውድድር ያለ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ ላሞቹ በረት ይገባሉ፣ በሌላ ጊዜ ወተት የሚመላለስበት ጠባብ አስፋልት ላይ ሰው በሰዓት መቶ ሰባ ማይል ይከንፋል።

«ሞተሩ አይታጠፍም ብዬሃለሁ» አለኝ ዌስሊ። «ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ቤተክርስቲያኗ ጋ ያለችው ማዞሪያ ላይ ስደርስ እንደ ጋሪ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይኸው፣ ክርኔን እየው።»

የቆዳ ልብሱ ክርኑ ላይ ተፍቆ የድንጋይ አቧራ ነበረበት። ጠዋት በልምምድ ላይ የቤተክርስቲያኗን ግንብ ታክኮ ነው ያለፈው። ማዘን ነበረብኝ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ግን ማን ያዝናል።

«ሞተሩማ ይታጠፋል» አልኩት። «ልጅ ከወለድክ ወዲህ ፈሪ ሆነሃል። ለምን ትራክተር አትነዳም?»

ያኔ ተያያዝን። የላስቲክ መዶሻ በእጄ ነበር፤ ቅልጥሙን አልኩት። እሱ ደግሞ ፀጉሬን ጨምድዶ ከቫኑ በር ጋር አላተመኝ፣ አንድ ጥርሴ ወለቀ። ጉሮሮውን ይዤ መሬት ላይ ጣልኩት። ሚስቱ ሄዘል የእጥበቱን ባልዲ ሙሉ ውሃ ባትደፋብን ኖሮ የት እንደምንደርስ እኔ አላውቅም።

«ከብቶች» አለችን። «ሁለታችሁም ከብት ናችሁ። እንግዲህ እዚሁ ተባሉ።»

ዌስሊ አፍንጫውን ጠርጎ ተነሳ። «ከአሁን በኋላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስልኝ» አለኝ።

«አንተም» አልኩት።

ይህ በኛ ቤት ቀልድ አይደለም። አባታችንና አጎታችን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የአንድ በረት ላሞች ሲያልቡ ኖረዋል። ኩርፊያ እንደ መሬት የሚወረስበት ቤት ነው።

ሌላም ልማድ አለን። ሞተሩ ላይ አንድ ብሎን የነካ ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ያንኑ ቃል ደግሞ ይመልስለታል። «የፊት ፍሬን ጠብቋል።» «የፊት ፍሬን ጠብቋል።» ሰው ይስቅብናል፣ እንደ ቄስና ዲያቆን ይሉናል፤ አሥራ አንድ ዓመት በሕይወት ያቆየን ግን ይኸው ነው። ያን ቀን ማናችንም አልተናገርንም።

እሱ እያነከሰ ሲሄድ ቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ደም እተፋ ጀመር። እውነቱን ግን አውቀው ነበር። ሞተሩ አይታጠፍም። ዌስሊም ፈሪ አይደለም። ክረምቱን የገዛሁት የኋላ አሞርዛተር፣ ንዝረት የሚውጠው ማለቴ ነው፣ ነበረኝ፣ ከድሮው በስምንት ሚሊሜትር የሚረዝም። ስምንት ሚሊሜትር የትንሽ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው፤ ነገር ግን የሞተሩ ጭራ የዚያን እጥፍ ከፍ ይላል፣ አፍንጫው ይደፋል፣ መሪው ለትንሽ ግፊት ይታዘዛል። ችግሩ ቀጥታው መንገድ ላይ ነው። ጎርበጥ ሲል የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይንቀጠቀጣል። አስልቼዋለሁ። ይህን ይችለዋል። ከዚህ በላይ ግን አንዲት ነገር አይችልም።

ድሮውን ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ። ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም፤ በቁልፍ ግን እችላለሁ። ማዞሪያዋ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ይታዘዝለታል፣ የማን ሥራ እንደሆነም ይገባዋል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አፌን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ዌስሊ ተመልሶ መጣ። እሱም ይቅርታ አይችልበትም። የኔን ቁልፍ አንስቶ የሞተሩን ሁለት የፊት እግሮች፣ ጎማውን የሚይዙትን ብረቶች፣ ከማቀፊያቸው አላላና ወደ ላይ ገፋቸው፤ አፍንጫው በስምንት ሚሊሜትር ወረደ። እኔ ከኋላ ያደረግሁትን እሱ ከፊት ደገመው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መነሻው ላይ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ወደ ፊት መደፋቱ ተሰማው። የሄልሜቱን መስታወት ከፍቶ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል ፈልጎ ነበር። እኔ ያበጠ ከንፈሬን ይዤ ፊቴን አዞርኩበት። እሱም የራሱ ሥራ ብቻ መስሎት መስታወቱን ዘጋ።

የኔ ቦታ ረጅሙ ቀጥታ ላይ፣ ከአንድ የወተት በረት አጥር ሥር ነው። ስንተኛ እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ፣ ሄዘል ከጎኔ ሰዓት ትይዛለች። በመጀመሪያው ዙር ዘጠነኛ ሆኖ አለፈ። በሁለተኛው አራተኛ። ማዞሪያዋ ላይ ብቻ ሦስት ሰው ቀድሟል አሉ። ቁጥሩን ስጽፍ ከንፈሬ እየደማ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ዙር ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁ። ነዳጅ መስጫውን አንዴም አልለቀቀም። ቀጥታው መሃል ያለችው ጉብታ ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሳ፤ ሲያርፍ መሪው ወደ ግራ ተወረወረ፣ ወደ ቀኝ ተወረወረ፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም። መሪው የዌስሊን እጆች ከላዩ አላቅቆ ጣላቸው። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ያኔ ነው የተሰበሩት። ሞተሩ ወንድሜን ሽቅብ አሽቀንጥሮ በጎኑ ተንሸራተተ፣ የስልክ ምሰሶ መታ፣ የቤንዚን ታንኩ ፈንድቶ እሳት ሆነ። ዌስሊ በጀርባው ወረደ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነጠረ፣ የበረቱ በር ድንጋይ አቆመው። አጥንት ድንጋይ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ ለጠላቴም አልመኝም።

አጥሩን ዘለልኩ። ባንዲራ የያዘው የውድድሩ አስተናባሪ ወገቤን ጠምጥሞ ያዘኝ። «ሌሎች እየመጡ ነው፣ ትሞታለህ» አለኝ። በክርኔ ፊቱን አልኩት፣ አፍንጫው ሲሰበር ተሰማኝ፣ ለቀቀኝ። ሁለት ሞተሮች ደረቴን ሊነኩ ትንሽ ቀርቷቸው አለፉ። ተሻገርኩ። ሄዘልም ከኋላዬ ተሻገረች።

ሄልሜቱ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንድ እግሩ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ከአፉ አረፋ ያለው ደም ይወጣል፣ ዓይኑ ግን ያያል።

«ኖርማን» አለኝ። ከጠባችን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «ፊቱን አወረድኩት። ስምንት። ሳልነግርህ።»

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ።

«እንዳትቆጣ» አለ። «ያንተ ሥራ ልክ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ኋላውን እኔ አነሳሁት ማለት ብቻ ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፣ እምላለሁ። ግን ሄዘል የባሏን ራስ በሁለት እጇ ይዛ እኔን ታየኝ ነበር።

«ምንም አይደል» አልኩት። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። ሐኪሞቹ ሳይደርሱ ሞተ።

ከእሳቱ የተረፈውን የመረመሩት ሰዎች የፊት እግሮቹ ወደ ላይ መገፋታቸውን ለክተው ጻፉ። የኋላው አሞርዛተር ተሰብሮ ግማሹ ቀልጦ ስለነበር ማንም አልለካውም። ነጂው በገዛ እጁ ያደረገው ለውጥ ነው ተባለ። አባታችን ወረቀቱን አንብቦ ልጁን መቃብሩ ላይ ሞኝ ብሎ ሰደበው። አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ሄዘል እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ትይዛለች። «ይቅር ሳትለው ቢሞት ኖሮ እንዴት እችለው ነበር እላለሁ» ትለኛለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኖርማን።»

«ወንድሜ አይደል» እላታለሁ።