ዘጠኝ ኪሎዋት ለአሥራ አምስት

የሠፈሩ ሰው «እሳቷ» ይላታል። የማሞቂያ ሬዚስታንስ ሠሪ ናት፤ ለዳቦ ቤቱም ለልብስ ማጠቢያውም ልኩን አውቃ የምትሠራ። ባሏ አናጺ ነው። የሱን ወርክሾፕ ከሷ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከወዲያ በኩል የመቃጠል ሽታ መጣ። ሮጣ ስትደርስ ባሏ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ እያሳለ፣ ከእንጨት ማድረቂያው ክፍል በር ላይ ቆሟል። ውስጥ ሦስት ሬዚስታንሶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ፈንድቷል፣ ሁለቱ ገና ፍም ናቸው። ከሥራቸው ያለው ጣውላ ጠርዙ ከስሏል።

«እነዚህ የኔ አይደሉም እንዴ?»

«ከመደርደሪያሽ ነው ያነሳኋቸው።»

«የውሃ ማሞቂያ እኮ ናቸው!»

«ክፍሉ ዘጠኝ ኪሎዋት ይበቃዋል ያልሽው አንቺ ነሽ። እያንዳንዱ ሦስት ነው። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ አይደለም?»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ግን ጣውላው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ዓይኗን ያዘው፤ «የእማማ አልጋ፣ ከፍታ 45»።

እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው። ሊወጡ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ ሐኪሙም አልጋቸው ዝቅም ከፍም ሳይል፣ ሲቀመጡ እግራቸው ወለል የሚረግጥበት ይሁን ብሏል። እሷ በሥራ ተወጥራ ነገሩን ረስታው ነበር። እሱ አልረሳም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንቅልፍ ካየሽ ስንት ቀንሽ ነው? ደግሞ ላስደስትሽ ብዬ።»

«አስደሰትከኝ፤ ቤቱን ልታነደው ምንም አልቀረህም እንጂ» አለችና ሳቋ አመለጣት።

አጠገቡ ቆመች። «ስማኝ። ውሃ ሙቀቱን ቶሎ ይቀበለዋል። አየር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሬዚስታንሱ ሙቀቱን የሚሰጠው አጥቶ ራሱን ያቃጥላል። ይሄ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር አሥር ዋት ያወጣል። ለአንተ ክፍል ከሁለት አላልፍም።»

«ታዲያ ሙቀቱ አይቀንስም?»

«ቁምሳጥን ሦስት ሰው ቢሸከመውና አሥራ አምስት ሰው ቢሸከመው ክብደቱ ይለወጣል?»

ባልየው ትከሻውን አሻሸ። «ትከሻ ነው የሚለወጠው።»

«በቃ፣ ገብቶሃል።»

በአራት ቀን አሥራ አምስት ሬዚስታንስ ሠራች፤ ቁመታቸው እንደ ፊተኞቹ፣ ጉልበታቸው ግን ስድስት ስድስት መቶ ዋት ብቻ። እሱ ማቀፊያውን ሠርቶ ራቅ ራቅ አድርጎ ሰቀላቸው። ከኋላቸው ማራገቢያ ገጠመች፤ ማራገቢያው ከቆመ ማሞቂያው አብሮ እንዲጠፋም አድርጋ ሽቦውን ዘረጋች። ማራገቢያውን ሆን ብላ አቆመችው፤ ማሞቂያውም ወዲያው ጠፋ። መልሳ ስታስነሳው ከሬዚስታንሶቹ አንዱም አልቀላም፤ ክፍሉ ግን ቀስ በቀስ ሞቀ።

«ምንም የሚሠሩ አይመስሉም» አለ ባልየው።

«ደህና ሲሆኑ እንደዚያ ነው።»

ጣውላው በአሥረኛው ቀን ደረቀ። አልጋውም እናትየው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር አለቀ።

እናትየው ተደግፈው ገቡና ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም እግሮቻቸው ወለሉን ረገጡ፤ ሳይጨናነቁ፣ ሳይንጠለጠሉ። ወደ አማቻቸው ቀና አሉ።

«መቼ ለካኸኝ አንተ?»

«ሆስፒታል ከወንበር ሲነሱ፤ በዓይኔ።»

«ዓይንህስ ጥሩ ነው» አሉ ትራሱን እየደለደሉ። «ልጄን የመረጥክ ጊዜም አይቼዋለሁ።»