ፕላስቲክ የለበሰችው ኦልድስሞቢል
ግሌን በጥርስ ብሩሽ የመኪናውን ጎማ እየፈገፈገ ሳለ ልጁ ጆዲ የጋራዡን በር ተደግፋ ቆመች።

"አባዬ፣ ጀመረኝ።"

"ምኑ?"

"ምጡ ነዋ።"

"ሐኪሟ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል ብላ አልነበር?"

"ልጁ አልሰማትማ።"

ግሌን ብሩሹን ከባልዲው አጠገብ አስቀመጠ። ዛሬ በላንሲንግ ከተማ የኦልድስሞቢል ባለቤቶች መኪኖቻቸውን መናፈሻው ሣር ላይ ደርድረው የሚፎካከሩበት ቀን ነው። የእሱ መኪና፣ አሌሮ የምትባለው ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ናት፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ኦልድስሞቢል የሚባል መኪና አልተሠራም። ግሌን ዕድሜውን በሙሉ በከተማው የኦልድስሞቢል ፋብሪካ የኋላ መቀመጫ ሲገጥም ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ከመገጣጠሚያው መስመር ከወረዱት አንዷን ገዛ። መቀመጫዎቿ ከፋብሪካ ሲወጡ የለበሱት ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣም። እሱ ራሱ ሲነዳት ፎጣ አንጥፎ ነው፤ የኋላው ወንበር ላይ ደግሞ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

ለመጨረሻው ዓመት መኪኖች የሚሰጠውን ዋንጫ በየዓመቱ የሚወስድበት የድሮ የሥራ ባልደረባው ሌስተር ነበር። ዘንድሮ ግን የሌስተር ውሻ መኪናው ውስጥ ገብቶ የመቀመጫውን ፕላስቲክ ቦጫጭቆታል። ግሌን ለውሻው አጥንት ልኮለታል።

የጆዲ ባል ከርቲስ ቦርሳ አንጠልጥሎ እያለከለከ መጣ። "መኪናዬን ማውጣት አልቻልኩም። ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ቆፍረውታል፤ ከጉድጓዱ ማዶ ቀርታለች።"

የከርቲስ መኪና የጃፓን ናት። ግሌን እንደ ሰፈሩ የፋብሪካ ጡረተኞች ሁሉ የውጭ መኪና ቤቱ መግቢያ ላይ አያስቆምም፤ አብሯቸው የሚኖረው አማቹ ሁልጊዜ ዳር መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው። የግሌን ሚስት ማርሊን ደግሞ የቤቱን መኪና ይዛ፣ ወንበሮችና የድንች ሰላጣ ጭና፣ በጠዋት ወደ መናፈሻው ሄዳለች።

"አምቡላንስ ልጥራ?" አለ ከርቲስ።

ግሌን አሌሮዋን አያት። አምቡላንስ የሚለው ሐሳብ ለአንድ አፍታ ደስ አሰኘው፤ ወዲያው ግን በራሱ አፈረ።

"ግቡ" አለ። "ጫማችሁን ብቻ..."

"አባዬ!"

"እሺ፣ እሺ። ግቡ።"

ፕላስቲኩ በየመታጠፊያው እየተንኮሻኮሸ ሄዱ። ወደ መናፈሻው የሚወስደው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግሌን ወደዚያ ሳያይ አለፈ።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ።"

"ምን?"

"የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።"

ግሌን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

"ፕላስቲኩ ላይ ነው" አለ ከርቲስ በፍጥነት። "ጨርቁን አልነካውም።"

የግሌን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጆዲ ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች፤ እሱ ግን ሳቁ አላስተነፍስ ብሎት ነበር። "ፕላስቲኩን ለምን አታነሣውም እያላችሁ ስታበሽቁኝ የኖራችሁ" አለ፣ "አሁን ተናገሩ እስቲ።"

ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። ግሌን ታቅፏት ተቀምጦ ሳለ ሌስተር ደወለ።

"የት ጠፋህ? ዋንጫውን እኔ ወሰድኩት።"

"በዚያ ፕላስቲክ?"

"አንተ ከሌለህ ማን አለ ብለህ ነው?"

"እንኳን ደስ ያለህ" አለ ግሌን። ደግሞም ከልቡ ነበር፤ ይህ እሱንም ገረመው።

በማግስቱ ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ የአሌሮዋ የኋላ መቀመጫ ላይ የታሰረውን የሕፃኗን ወንበር ያዝ አድርጋ ነቀነቀችው። "ፕላስቲኩ ያንሸራትተዋል። እንዲህ ሆኖ አልለቃችሁም" አለች።

ከርቲስ ወንበሩን እንደገና አሰረው፤ እንደገና ተንሸራተተ። አማቱን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ግሌን ከኪሱ ሰንጢ አወጣና ጎንበስ ብሎ ፕላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ከሥሩ ያልተነካ ግራጫ ጨርቅ ወጣ። ሽታው ያው የፋብሪካው ሽታ ነበር። አብረውት የቆሙት ሰዎች፣ የምሳ ደወሉ፣ የሌስተር ፉጨት ሁሉ ትዝ አለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ምን ሆንክ አባዬ?" አለች ጆዲ።

"ምንም። መቀመጫ ነው። በደንብ ነው የገጠምኩት።"

ቤት ሲደርሱ ጉድጓዱ ተደፍኗል። ሕፃኗን ካስገቡ በኋላ ከርቲስ መኪናውን ለማየት ወደ መንገዱ ወጣ። ወዲያው አሌሮዋ ከመግቢያው ወደ ኋላ እየተንፏቀቀች መጥታ ከአጠገቡ፣ ዳር መንገዱ ላይ ቆመች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ ከርቲስ። "ደመናውን አላዩትም? ሊዘንብ ነው እኮ።"

"መኪና አይደለች? ይዝነብባት።" ግሌን ወርዶ በሩን ዘጋ። "ሌሊት ብትፈልጓት ቅርብ እንድትሆን ያንተ መኪና ጋራዥ ትግባ። ሌስተር ካየ የሰረቅናት ናት እንለዋለን።"

ከርቲስ የሰማውን ሳያምን ቁልፉን አወጣ። ግሌን ቀድሞት ገባና ባልዲውንና የጥርስ ብሩሹን ከጋራዡ ወለል አንሥቶ፣ በሩን እስከ ጥግ ከፈተለት።