መነጽር የሚሸከም አፍንጫ

መነጽር ሠሪዋ ሐኪም ቤት የተመላለሰችው ቁንጅና ፈልጋ አልነበረም። የሰው አፍ ግን መቼ ያርፋል፤ «በዚህ ዕድሜዋ አፍንጫ አማራት» ሲሏት ከረሙ። እሷ የፈለገችው መነጽር የሚሸከም አፍንጫ ብቻ ነበር።

ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ ያለ ወፍራም መነጽር ከስንዝር የራቀ ሰው ፊት አይለይም። ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ሞክራ ዓይኗ ደም ስለመሰለ ሐኪሞች ከልክለዋታል። ያም ሆኖ በሥራዋ የሚደርስባት አልነበረም። ፍሬሙን በሞቀ አየር አለስልሳ፣ ክንዱን በጣቷ ትንሽ አጠፍ አድርጋ ስታስቀምጥልህ፣ መነጽር ማድረግህን ትረሳዋለህ። ታዲያ አንድ ቀን ማታ ሱቋን ስትዘጋ የብረት መዝጊያው አምልጧት ወረደና አፍንጫዋን ደፈጠጠው።

የመጀመሪያው ሐኪም ከቆዳው ሥር ሲሊኮን የሚባል ሰው ሠራሽ ደጋፊ አስገባላትና ለወራት መነጽር እንዳታደርግ አስጠነቀቃት። ስለ አፍንጫና ስለ ክብደት ለእኔ ማን ሊነግረኝ ነው አለች። ያለ የሌለ ጥበቧን አውጥታ ላባ የሚያክል ፍሬም ለራሷ ሠራችና ሱቅ ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን ፈርቶ ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ እሷን ጉድ የሠራት ባለሙያነቷ ነው። ቆዳው ቀላ፣ ከዚያ ሳሳ። በመዋቢያ ዱቄት ሸፋፍና ከረመች። በመጨረሻ ሲሊኮኑ ቆዳውን ቀዶ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል አወጡላት፤ አፍንጫዋም ከመሀሉ ሰመጠ። ከዚያ ወዲህ መነጽሯን በላስቲክ ከራሷ ጋር አስራ፣ ግንባሯና ጉንጯ ላይ አስደግፋ፣ እየተንሸራተተባት ትውተረተር ነበር። ግማሽ ሥራ ቢሆንም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ባሏና ታናሽ እህቷ አብረዋት ነበሩ።

«እውነቱን ልንገርዎት» አላት ሐኪሙ። «ሲሊኮን ወዲያው ቀጥ ያለ አፍንጫ ይሰጥዎታል። ነገር ግን ቆዳዎ ሳስቷል፤ ዕድሜ ልክዎን መነጽር ሊያርፍበት አይችልም። ከጎድን አጥንትዎ ጫፍ የሚወሰደው ለስላሳ አጥንት የራስዎ አካል ነው፤ ከያዘልን ከዓመት በኋላ መነጽር ይሸከማል። ችግሩ፣ በእርስዎ ዕድሜ አንዳንዴ ጠንክሮ እንደ ኖራ ይፈረካከሳል። ራጅዎ ላይ ነጠብጣብ አይቻለሁ፤ ከፍተን ካላየነው ግን እርግጡን አላውቅም።»

«ከጆሮዋ ቢወሰድስ?» አለች እህቷ።

«የጆሮው ስስ ነው፤ ሸክም አይችልም።»

«እንዲያ ከሆነ የኔን የጎድን አጥንት ውሰዱ። ወፍራም ነኝ፣ አይታወቅብኝም።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «የሌላ ሰው ከሆነ ሰውነቷ ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል።»

«ድሮስ የኔን ስትበላ አይደል ያደገችው።»

ሁሉም ሳቁ፤ መነጽር ሠሪዋም ላስቲኳን ይዛ ሳቀች።

ያልሳቀው ባሏ ነው። አውቶብስ ነጂ ነው፤ ቃል የሚወጣው በግድ ነው። «ሲሊኮኑ ይሻላል» አላት። «ፊትሽ ይመለስ፤ ሥራው ይቅር። እኔ አለሁልሽ።»

«አንተማ አለህልኝ። ዓይኔስ?»

እሷም የጎድን አጥንቱን መረጠች።

«ከፍቼ አጥንቱ የማይሆን ሆኖ ባገኘውስ?» አለ ሐኪሙ። «ሲሊኮን ላስገባ ወይስ ልዝጋው?»

«ይዝጉት። በላስቲክም ቢሆን አያለሁ።»

በቀዶ ጥገናው ቀን፣ አልጋዋን ሊገፉት ሲሉ የባሏን እጅ ያዘች። «ወጥተው ከጠየቁህ ዝጉት በል። በሞቴ።»

«እሺ» አላት።

ስትነቃ ሁሉም ነገር ጉም ነው። ጎኗን ቢላ የገባበት ያህል ወጋት። ቀስ ብላ እጇን ወደ ፊቷ ሰደደች፤ ከፋሻው ሥር አፍንጫዋ ከፍ ብሏል። ያዘልኝ አለች በልቧ፤ ከደስታዋ የጎኗ ሕመም ራሱ ጠፋት። ወዲያው ስለ ሱቋ ማሰብ ጀመረች፤ ከደንበኞቿ ማንን አስቀድማ እንደምትጠራ፣ የትኛውን ፍሬም ለራሷ እንደምታደርግ።

ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። «አጥንቱ ቢላ ሲነካው ተፈረካከሰ። አንድም የሚረባ ቁራጭ አላገኘንም። ባለቤትዎን ጠይቀን ሲሊኮን አስገባን።»

ወሽመጧ ተቆረጠ። «በላስቲክ ባስረውስ?»

«አሁን ከፍ ስላለ መነጽሩ መንካቱ አይቀርም፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር ሊጫነው አይገባም።»

«እንግዲያው አውጡልኝ።»

«አሁን ካወጣነው ቆዳው አብሮ ይሄዳል» አለና፣ ነገ እንነጋገራለን ብሏት ወጣ። ምን የሚነጋገሩት ነገር እንደቀረ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባሏ እግርጌዋ ቆሞ ነበር፤ እሷ የምታየው ጥቁር ጥላውን ብቻ ነው።

«እሺ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ብዬሽ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ዞር እያለ ሲያይሽ፣ ልጅ በጣቱ ሲጠቁምሽ፣ አንቺ አታይውም። የማየው እኔ ነኝ። ወጥቶ ሲጠይቀኝ ዝጉት ልል አፌን ከፈትኩ፤ አንጀቴ እምቢ አለ።»

አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ፋሻው የተነሳ ቀን እህቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ነርሷም እውነት ያማረ አፍንጫ ነው አለች። ለመነጽር ሠሪዋ መስታወት ሰጧት፤ ካላስጠጋችው አይታያትም፣ ስታስጠጋው ደግሞ እንዳይነካባት ፈርተው ያዟት። መስታወቱን መለሰችላቸው።

«ያምራል?» አለችው ባሏን።

«በጣም።»

«እንግዲያው አንተ እየው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።