ቀፎው ለፋሂም፣ ማሽኑ ለሙርሺድ

ፋሂም ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ፣ የሰዓት ሠሪው የሸምሰዲን መስኮት ፊት ቆሞ ደረሰ ወይ ይላል፤ ሄዶ ይመለሳል፤ ደግሞ ደረሰ ወይ ይላል። ሸምሰዲን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳጣበቀ ሥራውን ይቀጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ላይ አባቱ ሀጂ ሀቢቡላህ ሲሞቱ፣ እሱና ታላቅ ወንድሙ ሙርሺድ ቤቱንም የቡና መሬቱንም ያለ ጭቅጭቅ ተካፈሉ። የአባታቸው የእጅ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ግን እልህ ተጋቡ። ሽማግሌዎች አንዱ ይውሰዳት፣ ሌላው በበግ ይካስ ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ፋሂም እንግዲያው እሷም ትካፈል ብሎ በቢላ ጫፍ ፈታታት። እሱ ቀፎውንና ቁጥር ያለበትን ፊት ያዘ፤ ሙርሺድ ውስጡን፣ ማሽኑን። ጉድ እኮ ነው! ሚስትና ልጅ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ሰዓት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ የሰርቦ ሰውም «ባለግማሾቹ» እያለ ይስቅባቸዋል።

አሁን እናታቸው አዴ አፊፋ አልጋ ይዘዋል፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ነው። ለሁለቱም መልእክት ልከው፣ ያቺን ሰዓት ገጥመው ካላመጡላቸው አፉ እንደማይሏቸው ተናገሩ። የእናት ቅሬታ ተሸክሞ መኖርን ማን ይደፍራል? ፋሂም ፈራ። የወንድሙን ደጅ መርገጥ ደግሞ ሞት ሆነበት። ስለዚህ ባዶ ቀፎውን ይዞ ሸምሰዲን ዘንድ መጣና የሆነ ማሽን ክተትበት አለው።

ሸምሰዲን የሞቱ ሰዓቶች የሞሉበትን ቆርቆሮ ሲበረብር ዋለ። አንዱ ማሽን ለቀፎው ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ። በመጨረሻ ከአንዱ ጥርሶቹን፣ ከሌላው ሞላውን ወስዶ፣ ውስጡ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ ደግፎ ገጠማት። ጠመዘዛት፤ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ሲያስረክበው፣ ወንድሙ ዘንድ መሄድ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይቀል እንደነበር ነገረው። ፋሂም እንዳልሰማ ሆነ።

ወደ ሰርቦ በሚመልሰው ሚኒባስ ውስጥ አሥሬ ወደ ጆሮው ያስጠጋታል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቆመች ብሎ ይደነግጣል። ውሸቱን አሰናድቷል፤ ሙርሺድ ማሽኑን በሰው ላከልኝ ሊል ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ ሙርሺድ ቡና ሲሸጥ ይውላል ብሎ ተማምኗል።

ሲገባ ሙርሺድ ከእናታቸው ራስጌ ተቀምጧል። መመለሻ የለም። ሰዓቷን እናቱ እጅ ላይ አኖረ። አዴ አፊፋ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጓት፣ ዕንባቸው ወረደ። ከዚያ ወደ ሙርሺድ ዞሩ።

«ማሽኑን ሰጠኸው?»

ፋሂም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እውነተኛው ማሽን ሙርሺድ ቤት ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈበት እዚያ ካሉት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሙርሺድ ወንድሙን ትክ ብሎ አየው።

«አዎ እማ» አለ። «ሰጠሁት።»

«አልሃምዱሊላህ። አፉ ብያችኋለሁ» አሉ እናት። ሰዓቷን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ከደኑ።

ፋሂም ለራሱ ውሸት ተሰናድቶ ነበር፤ ለወንድሙ ውሸት ግን አልተሰናዳም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ጎንበስ ብሎ የሙርሺድን ትከሻ ሳመና አፉ በለኝ አለው።

ሙርሺድ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ታኢ፣ ቁጭ በል» አለው ቀስ ብሎ። «እናታችን ትነቃለች።»